ሰማያዊው ጆግ እኔ ቤት ያደረ ለት

የልጅ ልጄ ሰመራ ከተማ ባለው ቤቷ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጋቢ ደርባ ይሄን ትጽፍልኛለች። በረሃ መሀል ተቀምጦ እየከፈለ የሚበርደው ሰው ያየሁት እሷን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ ፊደል አላት፣ እኔ ወሬ አለኝ፣ ተስማምተናል።

ስለምን ልጻፍ ብትለኝ ስለ ደስታዬ ጻፊ አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያገኙኝ ሴቶች፣ ይቺ አሮጊት ድዷን እያሳየች የምትስቀው ምን አግኝታ ነው ይላሉ። ተፈጥሮዋ ነው የሚሉም አሉ። የለም። በተፈጥሮዬ አኩራፊ ነኝ፤ እናቴ ስታጠባኝ ራሱ አኮርፍ ነበር አሉ። ሳቁ በኋላ የመጣ ነው። የመጣበትንም ቀን አውቀዋለሁ። ጠላዬ የኮመጠጠ ቀን ነው።

ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው። ይሄ ሰመራ የምትሉት ከተማ ገና አልታሰበም። እኔና ባለቤቴ ከደጋ ወርደን፣ አዋሽ ድረስ በባቡር መጥተን፣ ከዚያ በጥጥ እርሻው ካሚዮን ከጆንያ ጋር ተጭነን መልካ ወረር አጠገብ አንድ ካምፕ ገባን። እሱ የውሃ ፓምፕ ሞተር ላይ ተቀጠረ፣ እኔ ጥጥ ለቀማ ገባሁ። ቤታችን ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው። ቀን ላይ ሊጥ አቡክተሽ ወለሉ ላይ ብታስቀምጪው ሳይበስል አይቀርም። የመጀመሪያውን ሰሞን ባለቤቴን፣ ሲኦል የሚሉት ከዚህ ስንት ፌርማታ ነው እያልኩ ሳደርቀው ነው የከረምኩት።

ሙቀቱስ ይለመዳል። እኔ የወረድኩት ልቤ ተዘግቶ ነው። አገሬ ላይ ሁለት ልጅ ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። የመጀመሪያው ሲሞት አለቀስኩ፣ እሱ ያውቃል አልኩና ቻልኩት። ሁለተኛዋን ሳምጥ ግን ማርያም ማርያም እያልኩ የጮህኩት ከወንዝ ማዶ ተሰምቷል። ልጄ ሳምንት አልሞላችልኝም። ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሰማውን እሷ እንዴት ሳትሰማ ቀረች አልኩና ከእመቤቴ ጋር ተኮራረፍን። እሷስ መቼ አኮረፈች፣ እኔ ነኝ ያኮረፍኩት። ስሟን መጥራት ተውኩ። ሰው ሲመርቀኝም አሜን ማለት እርም ሆነብኝ። እመቤቴ ትከተልሽ ሲሉኝ እሺ እላለሁ። ልጅ ይስጥሽ ሲሉኝ እሺ። መራቂው ግራ ይገባዋል፣ ባለቤቴ በሀፍረት መሬት መሬቱን ያያል።

"ካቦ ሥራ ያዘዘሽ ነው እንዴ፣ እሺ የምትዪው?" ይለኛል ቤት ስንገባ።

ለእሱም እሺ ነው መልሴ።

እዚያው ካምፑ ውስጥ እያለሁ አረገዝኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለባለቤቴ እንኳን የነገርኩት ሊደበቅ የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ ነው። ከተወራ ይመረቅልኛል፣ ከተመረቀልኝ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ተስፋ ካደረግኩ ደግሞ ያው ነው ብዬ ፈራሁ። ደግነቱ የጥጥ መልቀሚያው ከረጢት ወገብ ላይ ታስሮ ሆድ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ከረጢቴን ከሁሉም ሰው ከፍ አድርጌ እያሰርኩ ሆዴን በጥጥ ሸፈንኩት።

ከጎናችን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ነበረች። በእድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ እላታለሁ። ባሏንም አንድ ልጇንም ወባ በአንድ ክረምት ጠርጎባታል። ያላት ነገር ቢቆጠር የሽቦ አልጋ፣ አንድ ድስትና ሁለት ቀሚስ ነው። ይቺ ሴትዮ ግን ትስቃለች። የጥጡ ፍሬ ቅርፊት ጣቷን ሲወጋት ትስቃለች። ካቦው ሲጮህባት፣ ይሄ ድምፅ እኮ ለቅዳሴ ነበር የተሰጠው፣ እዚህ እኛ ላይ ባከነ ትላለች። ካቦው ራሱ ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ስትስቅ ደግሞ እንደኛ አፏን በነጠላ አትሸፍንም፣ እንደ ልጅ ከት ብላ ነው።

እኔን አናደደችኝ። ምን አላትና ነው? ጠዋት ጠዋት ቦዩ ዳር ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትጸልይ አያታለሁ። ጸሎቱ ነው እንዳልል እኔም ጸልያለሁ፣ የሆነልኝን አይቻለሁ። ስለዚህ አረቄ ነው አልኩ። በዚያ ሙቀት ያለ አረቄ እንደዚያ የሚስቅ ሰው የለም። በቤቶቻችን መሀል ያለው አጥር ሽንቁር ነበረው፣ እኔ ደግሞ ሽንቁር ካገኘሁ አላሳፍርም። ከሥራ መልስ ዓይኔን እዚያ ለጥፌ ጠርሙሱን እፈልጋለሁ። እንጀራዋን በሽሮ ትበላለች፣ እግሯን ታጠባለች፣ ለራሷ የሆነ ነገር ታወራና ትስቃለች። ጠርሙስ የለም። የደበቀችበትን ብልሃቷን ማድነቅ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሰማያዊ የቆርቆሮ ጆግ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀች ስትመጣ አየኋት። ያዝኩሽ አልኩ በልቤ። ግን ደጃፌ ስትደርስ ወባዋ ተነሣባትና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጆጉን በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፣ ከእጄ እንዳይወድቅ ያዢልኝ የኔ እህት ብላ። ወዲያው የሰፈሩ ሰዎች ደግፈው ወደ ክሊኒክ ወሰዷት።

ጆጉን ይዤ ገባሁ። ጨርቁን ገለጥ አደረግኩ። ጠላ ነው። አረቄ ባለመሆኑ እውነቴን ነው ቅር አለኝ፣ ያን ያህል ጊዜ ሽንቁር ላይ የቆምኩት ለጠላ ነው እንዴ አልኩ። ግን ጥሩ ጠላ ነበር። የደጋ ጠላ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ፣ ቀመስ አደረግኩት። ቅምሻው በየት በኩል እንዳለቀ አላውቅም።

ጠዋት የማኅበሩ ሙሴ መጡ። ሙሴ የምንለው የጽዋ ማኅበሩን የሚመራውን ሰው ነው። እኛ አባባ ነው የምንላቸው፤ ፓምፑን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፣ ካምፑ ቄስ ስለሌለው ጸሎት የሚያደርሱልን እሳቸው ነበሩ።

"ልጄ፣ ጆጉ የት አደረ?" አሉኝ።

እኔ ጋ አልኳቸው።

"ውስጡ የነበረውስ?"

አፌን ጠረግ አደረግኩ። ዓይናቸውን ወደ ሆዴ ዝቅ አድርገው፣ "እሱም እዚሁ አድሯል" አሉ።

ያ ጆግ ለካ የማርያም ጽዋ ኖሯል። ማኅበርተኛው በየወሩ በሃያ አንድ በአንዱ ቤት ተሰብስቦ ይጠጣል፣ ደጋሹ ሲጨርስ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ጽዋው ያደረበት ቤት የሚመጣው ወር ድግስ የሱ ነው። ይሄንንማ አጥቼው አይደለም፣ ከጽዋ ቤት ነው ያደግኩት። ግን ባገሬ ጽዋ ማለት ክዳን ያለው የሸክላ እቃ ነው። የእነሱ ሸክላ ወደ ቆላ ሲወርዱ ካሚዮን ላይ ተሰብሮባቸው፣ ሌላ እስኪገኝ ብለው በጆግ ጀምረው እዚያው ቀሩ። ጆግ ጽዋ ይሆናል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር?

አባባ እየሳቁ ተረኛዋ አንቺ ነሽ አሉኝ፣ እመቤቴ ታቁምሽ ብለው መረቁኝ። እኔም እንደለመድኩት እሺ አልኩ። ከሄዱ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ።

እንግዲህ ጭንቄን ተመልከቱልኝ። ስሟን አልጠራም ያልኳት ሴት በገዛ ቤቴ ልትመጣብኝ ነው። ድግሱ አይደለም ያስፈራኝ። ጽዋው ሲያበቃ ደጋሹ ቆሞ ይመረቃል፣ ማኅበርተኛው ሁሉ አፍ አፉን እያየው እሱ አሜን ይላል። መንገድ ላይ እሺ ብዬ ማለፍ እችላለሁ። እዚያ መሀል ቆሜ እሺ ብል ግን ቤቴንም ባሌንም አዋረድኩ ማለት ነው። አሜን ብል ደግሞ ሆዴ ውስጥ ላለው ልጅ እንደገና ለመንኩ ማለት ነው። ተለምኖ መከልከልን አንዴ አይቼዋለሁ።

እትዬ ከክሊኒክ ስትመለስ ሮጬ ሄድኩና ጽዋሽን ውሰጂ፣ ተራው ያንቺ ነው አልኳት።

"ማን ጠጪ አለሽ?" አለችና ያን ሳቋን ለቀቀችው። እስከ ዛሬ ድረስ ሆን ብላ ነው ያቀበለችኝ ብዬ እጠረጥራታለሁ። ወባ እንኳን ቢሆን እንደዚያ አመቺ ሰዓት አይመርጥም።

በማግሥቱ ማሳ ውስጥ ጎን ለጎን ስንለቅም፣ ከረጢቴን አየችና ዝቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ልጁን ታፍኚዋለሽ አለችኝ። ክው አልኩ። ማን ነገረሽ አላልኳትም፣ እሷም አላብራራችም። ከተያዝኩ አይቀር ብዬ ያንገበገበኝን ጠየቅኳት፤ ባልሽም የለ፣ ልጅሽም የለ፣ ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የምትስቂው አልኳት።

እጇ ከጥጡ ላይ አልቆመም። "ሳለቅስ ብቻዬን ያለሁ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። "ብቻዬን አልነበርኩም። ያንን ካወቅኩ በኋላ እምባውም አይከብደኝም።"

ለእኔ ግን ያን ቀን አልገባኝም። እንዲያውም ትንሽ ተናደድኩ፣ ሽንቁር ላይ የደከምኩበት ለዚህ መልስ ነው እንዴ ብዬ።

ድግሱ ደረሰ። ጌሾና ዱቄት ልገዛ ካምፑ በር ላይ ካለው ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ የወሎ ሰው ነው፣ እስላም ነው፣ ቀልደኛ ነው። ለምን እንደሆነ ስነግረው፣ "ለመርየም ከሆነማ እኔም ድርሻዬን ላዋጣ" ብሎ አንድ ወረቀት ስኳር ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ፣ ወላሂ ጠላው ውስጥ እንዳትጨምሪብኝ፣ ለልጆቹ ነው ብሎ አስጠነቀቀኝ። እምላለሁ አልኩት። እሱም እኛም እኮ እንወዳታለን አለኝ ዱቄቱን እየሰፈረ። ሰው ሁሉ ይወዳታል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያኮረፍኩት ብዬ ወጣሁ።

እትዬ መክራኝ ነበር። እዚህ አገር ጠላ እንደ ደጋ አይደለም፣ ዘግይተሽ ጥመቂው፣ ጋኑን ቦዩ ዳር ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልይው ብላኛለች። እኔ እንዴት ልስማ፣ የእናቴን ጠላ አገር ያውቀዋል። እንደ እናቴ ቀደም ብዬ ጠነሰስኩ፣ እንደ እናቴ ጋኑን ቤት ውስጥ ጥግ አስይዤ አፉን ግጥም አድርጌ ከደንኩ። እናቴ ግን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጠምቃ አታውቅም፤ ይሄ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

በሃያ አንድ ቀን ማኅበርተኛው መጣ፣ ቤቴ አልበቃ ብሎ ደጅ ድረስ ተቀመጡ። አባባ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ዳቦውስ ደህና ነበር። ከዚያ ጋኑን ከፈትኩት። ሽታው ሲወጣ በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። ለባለቤቴ ቀድቼ ሰጠሁት፣ ሊያድነኝ ፈልጎ ነው መሰል ምንም ሳያሸት ጎንጨት አለ። አንዱ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ሌላው ፈጠጠ። ያንን ፊት እስኪሞት ድረስ እየኮረጅኩ አስቄበታለሁ፣ ያን ለት ግን አላሳቀኝም። ጠላዬ ሆምጣጤ ሆኗል። ደጅ ደፋሁት፣ የአፋሮቹ ፍየሎች መጥተው አሽትተው ተመለሱ።

መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ይቺን ደግሞ ከለከለችኝ። ልጆቼ ተወሰዱብኝ፣ አሁን ደግሞ ማዕረጌ።

እትዬ ምንም ሳትል ተነሥታ እንስራውን አመጣች። ከቦዩ ቀድተን አዝቅጠነው ያደረ ውሃ ነው፣ ቀዝቅዟል። በነጠላዋ ጠርዝ አጥልላ ሰማያዊው ጆግ ውስጥ ሞላችው። ዞር ዞር ብላ ያንን የስኳር ወረቀት አገኘችና ገለበጠችበት። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ጆጉን አባባ ፊት አስቀመጠችው።

አባባ አጎንብሰው ውስጡን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"በቃና ዘገሊላ ሰርግ ቤት ውሃው ወይን ጠጅ ሆነ" አሉ። "በዚች ልጅ ቤት ደግሞ ጠላው ውሃ ሆነ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ሆዱን ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፣ ቆርቆሮው አብሮት ተንጓጓ። ሳቁ ጋብ ሲል አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤

"ያኔም የወይኑን ማለቅ ቀድማ ያየችው እመቤታችን ናት። ማንም ሳይነግራት ነው ያየችው።"

እኔ ቅድም የሳቁበትን ሳይሆን ይሄንን ሰማሁ። ይሄን ታሪክ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየጥምቀቱ ማግሥት ሰምቼዋለሁ፣ ግን ስለ እኔ ቤት መሆኑን አላወቅኩም። የሰው ድግስ ላይ ተቀምጣ የጎደለውን የምታይ እናት፣ የኔ ጓዳ ባዶ ሲሆን ፊቷን ታዞራለች ብዬ ነው ስንት ወር የከረምኩት። ደግሞስ እሷ ከልጇ መስቀል ሥር የቆመች አይደለችም እንዴ? ልጅ መቅበርን ለእሷ ነው እንዴ እኔ የማስተምራት? ለካ ስጮህ ሰምታኛለች። ሰምታኝ አብራኝ አልቅሳለች። ልጄ ለምን እንደሄደች አሁንም አላውቅም፣ ስሄድ እጠይቃለሁ። ብቻዬን እንዳላለቀስኩ ግን ያን ለት አወቅኩ።

ያን ጊዜ ሳቁ መጣ። ከየት እንደተነሣ አላውቅም፣ ሰው ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ እኔ ብቻዬን ጀመርኩ። ስስቅ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ተገላበጠ፣ እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ፣ ከዚያ በኋላማ ምኑን እደብቀዋለሁ። እየሳቅኩ እምባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ አቅፋ ያዘችኝ፣ እሷም እንደኔ ሆነች።

አባባ ለምርቃት ተነሡ። "እመቤቴ በሽልም ታውጣሽ" አሉኝ።

ባለቤቴ ገና ከአሁኑ መሬት መሬቱን ማየት ጀምሯል።

"አሜን" አልኩ።

ቀና አለ። ሰምታችኋል አይደል እንደማለት አጠገቡ ያሉትን ዞሮ አያቸው። ከዚያ ራሱ አሜን አሜን እያለ፣ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ሁሉ ማቆም አቅቶት አባባ ይበቃል ልጄ እስኪሉት ድረስ ቀጠለ።

ያንን የስኳር ውሃ በጽዋ ተራ ጠጣነው። ወር ሙሉ ከቤቴ ይውጣልኝ ያልኩትን ጆግ እትዬ ልትረከብ እጇን ስትዘረጋ፣ አልለቅም አልኩ። እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እጎትታለሁ። ማኅበርተኛው አዲስ ሳቅ ጀመረ። ጠላ መጥመቅ እስክትማሪ ተራ አይደርስሽም ብለው በግድ ነጠቁኝ።

ልጄን እዚያው ካምፕ ውስጥ በደህና ተገላገልኩ። የእመቤቴን ስም እየጠራሁ ነው ያማጥኩት፣ አፌ እስኪደርቅ። ያቺ ልጅ የዚች የምትጽፍልኝ እናት ናት። ግን አደራችሁን፣ ልጇ ስለተረፈች ነው ደስ ያላት እንዳትሉኝ። ደስታው ከልጅቷ ቀድሞ ነው የመጣው፣ ኮምጣጣ ጠላ ደፍቼ፣ ልጄ ትኑር አትኑር ሳላውቅ። ደስታው በልጅቷ መኖር የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህም ብዙ አይቻለሁ። እርሻው እጅ ቀይሯል፣ አባባም እትዬም አፈር ገብተዋል፣ እኛም ከካምፕ ካምፕ ስንዞር ዱብቲ ድረስ ወርደናል። ባለቤቴን የቀበርነው እዚያ ነው። የቀብሩ ማግሥት ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጥተው ተቀመጡ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። እኔ ደግሞ ስለ እሱ ማውራት ጀመርኩ። አንድ ጊዜ የፓምፑን ሞተር ሳያቆም ሲጸልይ ከነዘይቱ አንቀላፍቶ፣ ውሃው ቦዩን ሞልቶ የካቦውን ጫማ ይዞ እንደሄደ ነገርኳቸው። አንዷ ፈገግ አለች። ሌላዋ አፏን በነጠላ ያዘች። ትንሽ ቆይተው ሁሉም ይንፈቀፈቃሉ። አንዲት ገና የመጣች ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ጠፍቷት ቤት ተሳስቻለሁ ብላ ልትመለስ ነበር። ግቢ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም አልኳት። እኔም እየሳቅኩ ፊቴ እንዳለ በእምባ ርሶ ነበር፣ ነጠላዬን እስክጨምቀው።